ምን ብዬ ልተርጉመው

ከገበያው በታች፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
የአባቴ ወናፍ ይተነፍስ ነበር።
ማረሻ ያሾላል፣ ማጭድ ያስተካክላል፣
የጎበጠ ዶማ አቅንቶ ይሰጣል።
የኩታበር ሰው መጥቶ ዋጋውን ይጥላል፣
«ውሃ ጠጣ» ሲሉት «ጠጥቻለሁ» ይላል፤
ልጁን በነጠላው ከዓይናችን ከልሎ፣
ይሄዳል ቶሎ ቶሎ።

ስሜ ጦይባ ይመር፣ አያቴ ተክሌ ነው፤
በወሎ ደንብ እንግዲህ ይህ ማንን ሊደንቀው?
አንዱ ማተብ አስሮ፣ አንዱ ሰግዶ አደረ፤
መዶሻው ግን ያው ነው፣ ከእጅ እጅ የዞረ።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስሜን አጣመሙት፣
«ጠይባ! ጠይባ!» እያሉ ሳቁበት።
አስተማሪው መዝገብ ገልጦ ሲጠይቀኝ፣
«የአባትሽ ሥራ?» — ምላሴ ከዳችኝ፤
«ነጋዴ» አልኩኝ።

በበጋ ነው፤ ጢሙ ዝገት የመሰለ፣
መንገድ ለካሁ የሚል፣ «ስኮትላንድ ነኝ» ያለ
አንድ ፈረንጅ መጣ፤ የመለኪያው እግር
ተሰብሮ፣ ታቅፎት፣ እንደ ታመመ በግ ግልገል።
አባቴ አገላበጠው። ምንም አልተናገረም።
ከሰል ጨመረበት።

ፈረንጁ ቁጢጥ ብሎ ፍሙን ሲያይ ቆየና፣
«ስሜ ማክጋወን ነው» አለኝ ቀና አለና፤
በአመዱ ላይ ጻፈው። «ማክ» የእገሌ ልጅ ማለት፤
ይህን ለአባቴ ነገርኩት በፍጥነት።
«ጋወን» ግን… ጋወን ግን…

ምን ብዬ ልተርጉመው?
«ቀጥቃጭ» ልበል? ገበያው የሚተፋው ቃል ነው።
«ጠይብ» ልበል? እሱም ጠቢብ ነበር ድሮ፣
በሰው አፍ ሲመላለስ ስድብ ሆነ ዞሮ።
«አንጥረኛ» ልበል? ያ የወርቅ ነው፣ የብር፤
አባቴ ምን ነክቶ ያውቃል ከጥቁር ብረት በቀር?
«ባለ እጅ» ልበል? እጅ የሌለው ማን አለ?
ሁሉም እጅ እያለው እሱ ብቻ ተባለ።

«ንገሪኝ እንጂ» አለ።
«የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው» አልኩት፤ ድምፄ ሰለለ።
መዶሻው አየር ላይ ቆመ። አልወረደም።
እንዲያ ቆሞ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ፈረንጁ ምን ያውቃል፤ ወሬውን ቀጠለ፤
«አገሬ ብትመጪ በዚህ ስም ስንቱ አለ!
ዳኛው ማክጋወን፣ ዳቦ ሻጩ ማክጋወን፣
ቄሱ፣ በረኛው፣ የማላውቀው ጎረቤቴ እንኳን።
ተማሪ ቤት ሲጠሩን ሦስት ሆነን ነበር የምንነሳው፤
በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ነበረና ነው ስሙ የበዛው።
እኔ ግን» አለና ሳቀ፣ «ምስማር እንኳ አልመታም።»

አባቴ አልሳቀም።
«ጠይቂልኝ» አለ፣ «የዱሮዎቹን፣ የብረቶቹን፣
አብሯቸው የበላ ሰው ነበር? ቀብረዋቸዋል ሬሳቸውን?»
ተረጎምኩ። ግራ ገባው።
«ለምን አይበላም?» አለ። እኔ አልተረጎምኩትም፤
አባቴ ግን ከፊቱ አነበበው።

የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ጮኸና በረደ።
ሰውየው ሊከፍል ወደ ኪሱ እጁን ሰደደ።
«ተው በይው» አለኝ፣ «ከባለ እጅ ልጅ ገንዘብ አልቀበልም፤
ውሃ ጠጣ በይው። እሱ እንኳ እምቢ አይለኝም።»
ጠጣ። ሁለቴ ጠጣ። ጣሳውን ደፍቶ አራገፈው።

መንገዱ ካለቀ ቆየ፤ አባቴም አፈር ለብሷል፤
ወናፉ ተቀዶ ዶሮ ያድርበታል።
እኔ ቀበሌ ነኝ፣ ልደት እመዘግባለሁ፤
«የአባት ሥራ» ከሚለው ስደርስ ብዕሬን አቆማለሁ፣
እንደዚያ መዶሻ።
«ገበሬ» ይሉኛል፣ «ነጋዴ» ይሉኛል፤
ይህን ሁሉ ማረሻ ታዲያ ማን ወልዶታል?

የተማሪ ቤቱ መዝገብ ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤
ገጹን አውቀዋለሁ፤ በሰማያዊ ቀለም፣ በልጅ ውሸት የተሞላ።
ትናንት ላርመው ብዬ ሄድኩ፤ ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ፤
«ማን ልበል?» አለኝ።
«የይመር ልጅ» አልኩት።
«የትኛው ይመር?»